ከዐይን ሥር ምን ይወጣል? ምንስ ይቀራል?

ሐኪሟ የእትዬን የታችኛውን የዐይን ቆብ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘችና በቀስታ ወደ ፊት ሳበችው። በትንሽ ማስመሪያ ለካች። ቀጥላ ወደ ታች ጎተት አድርጋ ለቀቀችውና «ዐይናቸውን እንዳያርገበግቡ ንገራቸው» አለችኝ። ቆቡ ወዲያው ወደ ቦታው አልተመለሰም። ዘገየ፤ ከብሌኑ ሥር ነጩ ታየ። እትዬ አላስችል ብሏቸው ሲያርገበግቡ ነው የገጠመው። ሐኪሟ የሆነ ነገር ጻፈች።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ። ገና ምንም አላለችም ነበር።

እትዬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ሀበሻ ሱቅ እንጀራ ሊገዙ ሲገቡ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምነው፣ አልተኙም እንዴ?» ተኝተው ቢውሉም ያው ነው። ከሁለቱም ዐይኖቻቸው ሥር ያበጠ ነገር ተንጠልጥሏል። እናታቸውም እንዲሁ ነበሩ። ልጆቹ ተምረው ከወጡ ወዲህ ያጠራቀሟት ገንዘብ አለችና ላስነሣው ብለው ቆረጡ፤ እኔን ለአስተርጓሚነት ያዙኝ።

ይህ ሁለተኛው ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያው ላይ ሐኪሙ ፎቶ አነሣቸው፣ የላይኛውንም አብረው ካሠሩ ቅናሽ እንዳለ ነገረን፣ ጸሐፊዋ ቀን ልትቆርጥ ካላንደሯን ከፈተች። ፊታቸውን በእጁ አልነካም። እትዬ መኪና ውስጥ ሲገቡ «በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሱን ገልጦ ያያል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ልክ ነበሩ። የታችኛው የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ውጤት ግማሹ የሚወሰነው ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት፣ በዚያ የመሳብና የመልቀቅ ምርመራ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት እብጠቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። የዐይናችን ኳስ በአጥንት ጉድጓዱ ውስጥ በስብ ተከቦ ነው የተቀመጠው። ስቡ ወደ ፊት እንዳይወጣ የሚያግደው ከቆቡ ቆዳና ጡንቻ ጀርባ ያለ ስስ ሽፋን ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ በአንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ገና በሃያዎቹ፣ ይህ ሽፋን ይደክማል፤ ስቡ ወደ ፊት ይገፋል። አብሮም የጉንጭ ሥጋ ወደ ታች ይወርድና በቆብና በጉንጭ መካከል ቦይ ይፈጠራል። እብጠቱ ትልቅ መስሎ የሚታየው ግማሹ በራሱ መጠን፣ ግማሹ ከሥሩ ባለው ቦይ ጥላ ነው። ስቡ በሦስት ክፍል ተከፋፍሎ እንደተቀመጠ ካስታኛሬስ የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 በዝርዝር ጽፏል፤ ዛሬም ሐኪሞች የሚያወሩት በዚያው አከፋፈል ነው። ወደ አፍንጫ በተጠጋውና በመካከለኛው ስብ መካከል ዐይንን የምታዞር ቀጭን ጡንቻ ታልፋለች። እሷ ከተጎዳች አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ትንሽ ስብ ማውጣት ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ጠርጥሩ።

ዐይን ሥር ያበጠ ሁሉ ግን ስብ አይደለም። ሐኪሟ እትዬን ወደ ላይ እንዲያዩ አደረገች፤ እብጠቱ ጎላ። ወደ ታች ሲያዩ ቀነሰ። ስብ እንዲህ ነው፤ ጠዋትም ማታም አለ። ጠዋት ብሶ ከሰዓት በኋላ የሚሟሽሽ፣ ጨው የበዛበት ራት ሲበላ የሚጨምር እብጠት ግን ፈሳሽ ነው። እሱን ቢላዋ አያነሣውም፤ ኩላሊትን፣ አለርጂን፣ ታይሮይድን ማየት ያስፈልጋል። በተለይ ዐይኑ ራሱ ወደ ፊት ወጣ ወጣ ማለት ከጀመረ፣ የልብ ምት ከፈጠነ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የውበት ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በፊት የታይሮይድ ምርመራ ይቅደም። ከቆቡ ወርዶ ጉንጭ አጥንቱ ላይ የተኛ እብጠትም አለ። እሱም በዚህ ቀዶ ሕክምና አይጠፋም፤ እንዲያውም ከላዩ ያለው ስብ ሲነሣ ብቻውን ቀርቶ ይጎላል።

ጥቁረቱስ? የብዙዎቻችን ጥያቄ ይህ ነው። ከዐይን ሥር ያለው ጥቁረት አንዳንዴ የእብጠቱ ጥላ ነው፤ መብራት ከፊት ለፊት ሲበራበት ይጠፋል፣ ቀዶ ሕክምናም ይረዳዋል። አንዳንዴ በስስ ቆዳ ውስጥ የሚታዩ ደም ሥሮች ናቸው። በጠይም ቆዳ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆዳው ቀለም ራሱ ነው፤ በዘር የሚመጣ ወይም ከአለርጂና ከማሸት የተነሣ። ስብ ቢወጣ ቀለሙ እዚያው ነው። እትዬ ይህን ስተረጉምላቸው ፊታቸው ጠቆር አለ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚገላገሉ መስሏቸው ነበር። በዚህ ላይ ቆዳውን በሌዘር ወይም በኬሚካል መላጥ በጠይም ቆዳ ላይ ሌላ ጥቁረት ጥሎ ሊሄድ ይችላል። «አብረን ሌዘር እናድርግልሽ» ለሚል ክሊኒክ የመጀመሪያው ጥያቄ እንደኛ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ የሠራውን እንዲያሳይ ነው።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ከሽፋሽፍቱ ሥር ቆዳውን ቀድዶ መግባት ነው፤ ትርፍ ቆዳም በዚያው ይቆረጣል። ሁለተኛው ቆቡን ወደ ውጭ ገልብጦ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን በኩል መግባት ነው፤ በውጭ ጠባሳ አይታይም። ይህን የውስጥ መንገድ ፈረንሳዊው ቡርጌ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው የጻፈው፤ ብዙ ሐኪሞች የተቀበሉት ግን ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ትርፍ ቆዳ ለሌለውና ስብ ብቻ ላስቸገረው ሰው ዛሬ የተሻለው መንገድ እሱ ይመስለኛል፤ ከፊት በኩል ያሉትን ቆዳና ጡንቻ ሳይነካ ስለሚያልፍ ቆቡ ወደ ታች የመጎተቱ ዕድል ያንሳል።

ከመንገዱ ይልቅ የሚያከራክረው ስቡን ምን እናድርገው የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ ልማዱ ቆርጦ ማውጣት ነበር። ብዙ የወጣለት ሰው በዓመታት ውስጥ ዐይኑ ይጎደጉዳል። አሜሪካዊው ሐምራ እ.ኤ.አ. በ1995 ስቡን ከመጣል ይልቅ ወደ ታች አውርዶ በቦዩ ላይ ማንጠፍን ካስተማረ ወዲህ ብዙዎች ወደዚያ አዘንብለዋል። የዐይን መጎድጎዱ ነገር ለእኛ ሰው ከማንም በላይ ሊያሳስብ ይገባል ባይ ነኝ። ዐይኑ ሥር ያበጠ ሰው «አልተኛህም?» ይባላል፤ ዐይኑ የገባ ሰው ግን «ምን ነካህ? ታመህ ነው?» ነው የሚባለው። እንቅልፍ ያጣ መምሰልን በበሽተኛ መምሰል ለመለወጥ ገንዘብ የሚከፍል የለም። ስለዚህ ሐኪሙን «ስንት ታወጣለህ?» ከማለት «ምን ታስቀራለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደዚያ መሳብና መልቀቅ ልመለስ። የታችኛው ቆብ በሁለት ጥጎቹ በጅማት ተወጥሮ የተያዘ ነው። ከዕድሜ ጋር ጅማቱ ይረግባል፤ ላስቲኩ እንደላላ ቀሚስ፣ ትንሽ ክብደት ከጨመሩበት ይወርዳል። ቆቡ ሲሳብ ከዐይን ኳሱ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ ወይም ሲለቀቅ ካላርገበገቡ በቀር ካልተመለሰ ላልቷል ማለት ነው። በላላ ቆብ ላይ ቆዳ ከተቆረጠ፣ ወይም ከውስጥ ጠባሳ እየጠነከረ ከሳበው፣ ቆቡ ዝቅ ይላል፤ ዐይኑ ክብ ሆኖ ይፈጣል፣ ሲብስም ቆቡ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ያኔ ሌሊት ዐይን በደንብ አይከደንም፤ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። ብዙ የውበት ቅሬታዎች ጊዜ ይፈታቸዋል፤ ይህኛው ግን ሌላ፣ ከመጀመሪያው የከበደ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። መከላከያው በዚያው ቀን የቆቡን የውጭ ጥግ በስፌት ማጠንከር ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር።

ሐኪሟ ከጎን ሆናም አየቻቸው። የእትዬ ዐይን ጎላ ያለ ነው። እኛ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን እንኳ የሚያውቁት ውበት ነው፤ ለቀዶ ሐኪም ግን የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። የዐይን ኳሱ ከጉንጭ አጥንቱ በልጦ ወደ ፊት የወጣ ሰው ቆቡን ከሥር የሚደግፍለት የለውም፤ ቆቡ ላይ ትንሽ ከተሠራ በኳሱ ሥር የመንሸራተቱ ነገር ይጨምራል። እንዲህ ላለ ሰው ቆዳ መቁረጥ በሚሊ ሜትር ተቆጥሮ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደረግም።

ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። የላይኛውን ቆብ ገልብጣ ስታይ ዝም አለች፤ መብራቱን አቅርባ ደግማ አየች። ከውስጥ በኩል ነጫጭ የጠባሳ መስመሮች አሉ። «ልጅ ሆነው ዐይናቸውን ታመው ያውቃሉ?» እትዬ ሳቁ። ጎጃም፣ ገጠር ነው ያደጉት፤ የዐይን ማዝ ያልያዘው ልጅ በሰፈራቸው አልነበረም። ይህ በሽታ፣ ትራኮማ፣ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የበረታው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ በገጠራችን የሚታወቀው የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምናም ለመዋብ የሚደረግ አይደለም፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፍቅ ዐይንን ለማዳን የሚደረግ ነው። የእትዬ ጠባሳ ቀላል ነበር። ሆኖም የውስጥ ሽፋኑ የተጎዳ ሰው እንባው ሊያንስ ይችላል፤ በውስጥ መንገድ ለሚሠራ ሐኪምም ማወቅ ያለበት ነገር ነው። ትራኮማ አይቶ የማያውቅ የውጭ አገር ሐኪም አስቦ ላይጠይቅ ይችላልና ገጠር ያደጋችሁ ራሳችሁ ንገሩ።

የእንባውን መጠን ጫፉ በቆቡ ላይ በሚሰካ ወረቀት ለካችው። ከሚገባው ያነሰ ነበር። ይህ ብቻውን ቀዶ ሕክምናውን አይከለክልም፤ ግን ደረቅ ዐይን ያለው ሰው ከተሠራ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊብስበት ይችላል። በቅርቡ መነጽር ለመጣል ሌዘር ያሠራም ሰው እንዲሁ ብዙ ወር መቆየት አለበት። ለእትዬ ሰው ሠራሽ እንባ ታዘዘላቸውና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ተባሉ። ያን ዕለት የቀዶ ሕክምና ቀን አልተቆረጠም። ይህን በበጎ ነው የወሰድኩት።

ስለ መድኃኒት ስትጠይቃቸው እትዬ የግፊት ክኒናቸውንና በቀን አንድ የምትወሰደውን ትንሿን አስፕሪን ጠሩ። እኔ ቦርሳቸውን እንዲከፍቱ ለመንኳቸው። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ወጣ፣ የዓሣ ዘይት ወጣ፣ ለጉልበታቸው የሚውጡት አይቡፕሮፌን ወጣ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ እንክብሎቹም በዚሁ ይጠረጠራሉ። አብዛኞቹ ሐኪሞች ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀድመው ያስቆማሉ። ነገር ግን ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘ የደም ማቅጠኛ ካዘዘው ሐኪም ፈቃድ ውጭ አይቆምም፤ ይህን በራስ ሥልጣን ማድረግ ዐይን ለማስዋብ ሕይወትን ማስያዝ ነው። ሲጋራ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይቁም፤ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ጫትም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራልና ቃሚ የሆነ ሰው ሳያፍር ለሐኪሙ ይናገር።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ቀን ሲቆረጥ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ጸሐፊዋ የሰጠችን ቀን ከሕማማት በፊት ያለው ሳምንት ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሣት፣ ራስን ከልብ በታች ዝቅ ማድረግ ክልክል ነው፤ ፊት ላይ የደም ግፊት ጨምሮ ሊያደማ ይችላል። እትዬ ደግሞ በሕማማት የሚሰግዱት ስግደት ወጣት የሚያደክም ነው። «ሐኪሟ አይስገዱ ካለችዎትስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሕማማት ሳልሰግድ?» አሉና ተቆጡ። ከፋሲካ በኋላ ተዛወረ። ሙስሊም አንባቢም እንዲሁ ሱጁዱን አስቦ ቀኑን ይምረጥ፤ ለጥቂት ሳምንት ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ስለሚቻልበት ሁኔታ ቀድሞ ይጠይቅ። የውጭ አገር ሐኪም «ከባድ ስፖርት አትሥሪ» ይላል እንጂ ስግደት ትዝ አይለውም። ኩልም ቢሆን ቁስሉ እስኪድን ይቆያል።

ገንዘቡን ባጭሩ ልናገር። በአሜሪካ የላይኛው ቆብ ዕይታን እስከ መጋረድ ከወረደ ኢንሹራንስ ሊከፍል ይችላል፤ የታችኛው ግን እንደ ውበት ይቆጠራልና ከኪስ ነው። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው አማካይ የሐኪም ክፍያ ከ3,800 ዶላር በላይ ነው፤ ማደንዘዣውና የቀዶ ክፍሉ ኪራይ ለብቻ ይጨመራል። ድምሩን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ማስተካከያ ካስፈለገ ማን እንደሚከፍልም አብሮ ይጻፍ። ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሐኪም ራሱን «የውበት ቀዶ ሐኪም» ብሎ ማስተዋወቅ እንደሚችል አትርሱ። የምትፈልጉት ከሁለት አንዱን ነው፤ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድ የተመሰከረለትን፣ ወይም የዐይን ሐኪም ሆኖ በዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደውን። ከሁለቱ እኔ የማደላው ሌሎች ያበላሹትን ለሚያስተካክለው ነው፤ ምን እንደሚበላሽ በየሳምንቱ ያያል።

ይህ ሥራ በዓለም እየበዛ ነው። የዓለም አቀፉ የውበት ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባደረገው ቆጠራ የዐይን ቆብ፣ ላይኛውና ታችኛው ተደምሮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ተሠርቶ ከውበት ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ አንደኛ ሆኗል። ከአዲስ አበባና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ኢስታንቡልና ዱባይ የሚበሩም አሉ። ችግሩ ከተማው አይደለም፤ የመመለሻው ቲኬት ነው። የውጭ ስፌት የሚወጣው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ የቆብ መውረድ ግን የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ ማን ያያችኋል? አገር ቤት ያላችሁ፣ የካቲት 12 በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ በዐይን ሕክምና የታወቁ ናቸው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስትመለሱ የሚከታተላችሁን ሐኪም ስም ያዙ።

ቢላዋ ፈርተው መርፌ የሚመርጡም አሉ። ቦዩን በሃያሉሮኒክ አሲድ መሙላት እብጠቱ ትንሽ ለሆነ ሰው ይበጃል። በዝቶ የገባ ከሆነ ግን ውኃ ይስባል፣ ከስሱ ቆዳ ሥርም ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ማሟሟት ይቻላል። አልፎ አልፎ ግን ወደ ደም ሥር ገብቶ ዐይን ያጠፋበት ጊዜ አለና «መርፌ ብቻ ነው» የሚለው ማጽናኛ አያታልላችሁ። ስብ የሚያጠፋ ቅባት ግን የለም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የእትዬ ቀዶ ሕክምና ሁለት ሰዓት ያልሞላ ነበር፤ በማደንዘዣና በማስታገሻ፣ በውስጥ መንገድ፣ ጥጉ ተጠናክሮ። ማታ ቤታቸው ሶፋ ላይ ትራስ ደራርቤ ቀና አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቅዝቃዜ በየሰዓቱ አሥር አሥር ደቂቃ ያዝኩላቸው። በረዶ ራቁቱን አይደረግም፤ ቆዳው ደንዝዟልና ሲቃጠል አይሰማውም። በማግስቱ ፊታቸው የተደበደበ ሰው መሰለ። ብልዙ ከዐሥር ቀን በላይ ቆየ፣ የግራ ዐይናቸው ነጭ ክፍል ውኃ ቋጥሮ ለሳምንታት አስቸገራቸው። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ሌሊቱን ያልተኛሁት በሌላ ምክንያት ነው።

ከዐይን ኳሱ ጀርባ ደም ሊፈስስ ይችላል። የአሜሪካ የዐይን ቆብ ቀዶ ሐኪሞች በሠሯቸው ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ዳሰሳ ከ2,000 ሰው አንድ ገደማ እንዲህ እንደደማ፣ ከ22,000 አንድ ገደማ ደግሞ ለዘለቄታው ዕይታ እንዳጣ አሳይቷል። ጥቂት ነው። ግን ደሙ ዝግ በሆነ የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ስለሚጠራቀም የዐይንን ነርቭ ያስጨንቃል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ሕክምናው በድንገተኛ ክፍል የቆቡን የውጭ ጥግ ቀድዶ ግፊቱን ማስተንፈስ ነው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል። አብዛኛው የሚከሰተው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትደሩ፤ አጃቢያችሁም በየሰዓቱ አንዱን ዐይን እየጋረደ ጣቱን ያስቆጥራችሁ።

በአንድ ዐይን ብቻ እየበረታ የሚሄድ ሕመም፣ ዐይን ወደ ፊት መገፋት፣ ዕይታ መደብዘዝ ወይም መጨለም ካያችሁ ማስታገሻ ውጣችሁ ንጋትን አትጠብቁ፣ ክሊኒኩ ስልክ እስኪያነሣም አትቆዩ። አሜሪካ ያላችሁ 911 ደውሉ፤ ሌላ አገር ያላችሁ የዐይን ሐኪም በተረኛነት የሚያድርበትን ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምናው በፊት አጣሩ፣ መንገዱንም እወቁ።